ዌብሜይል አልገባ ሲላችሁ፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ

«ዌብሜይሌ አልገባ አለኝ፤ እባክህ ፓስወርዴን ቀይርልኝ» የሚል መልእክት ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ላኪው አብዛኛውን ጊዜ ቸኩሏል። ወይ ደብዳቤ ይጠብቃል፣ ወይ ጨረታ ሊዘጋበት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከምመልስ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ። በስልክ ሳስረዳም የምከተለው ይህንኑ ነው።

የምናወራው ድርጅቶች በራሳቸው ስም ስለሚጠቀሙበትና በብራውዘር ስለሚከፈት ኢሜይል ነው። ራውንድኪዩብ ወይም ዚምብራ የሚባለው የዌብሜይል ፕሮግራም፣ ወይም በሲፓነል (የድረ ገጽና የኢሜይል ማስተዳደሪያ) በኩል የሚገኝ ዌብሜይል ሊሆን ይችላል። ጂሜይልና ያሁ የራሳቸው የመልሶ ማግኛ መንገድ ስላላቸው እዚህ አይካተቱም።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ፓስወርድ መቀየር የመጨረሻው እርምጃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፓስወርዱ ምንም አልሆነም። በከንቱ ከቀየራችሁት ደግሞ ስልካችሁ ላይ ያለው የኢሜይል አፕና ቤት ያለው ላፕቶፕ በአሮጌው መሞከራቸውን ይቀጥላሉ። ሰርቨሩ (ኢሜይላችሁ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ሊሰብር የመጣ ሌባ አድርጎ ይቆጥራቸውና በሩን ይዘጋል። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የዌብሜይሉ ትክክለኛ አድራሻ። ከመሥሪያ ቤታችሁ የተሰጣችሁ እንጂ ጎግል ላይ ፈልጋችሁ ያገኛችሁት አይሁን።
- ሙሉ የኢሜይል አድራሻችሁና ፓስወርዳችሁ
- ሁለተኛ ብራውዘር (ክሮም የምትጠቀሙ ከሆነ ፋየርፎክስ ወይም ኤጅ)
- የሞባይል ዳታ ያለው ስልክ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የአይቲ ክፍላችሁ ወይም የሆስቲንግ ድርጅታችሁ ስልክ ቁጥር

ከመጀመራችሁ በፊት የምትጠነቀቁት

በላይ በላዩ አትሞክሩ። ሁለት ጊዜ እንቢ ካላችሁ እጃችሁን አንሱና ወደ ደረጃዎቹ ግቡ። ብዙ ሰርቨሮች ፌይልቱባን የሚባል መከላከያ አላቸው። ማንም ካልነካካው በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተ ፓስወርድ የመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ፣ የግንኙነታችሁ መለያ ቁጥር) ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ብዙ የአይቲ ባለሙያዎች ደግሞ ከዚያ በላይ ያጠብቁታል። «አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክር» የምትሉት ሙከራ እገዳውን ሊያመጣባችሁ ይችላል።

ፓስወርዳችሁን በቴሌግራምም ሆነ በስልክ ለማንም አትስጡ። እውነተኛ የአይቲ ሰው ችግሩን ለመፍታት ፓስወርዳችሁ አያስፈልገውም። ከፈለገ ከሰርቨሩ በኩል አዲስ ማውጣት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑ ያለውን ቃል በቃል አንብቡ

«አልገባ አለ» ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ግን ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ከእነዚህ ጋር አመሳክሩት።

- «ሎግኢን ፌይልድ» ወይም ዩዘርኔም/ፓስወርድ ተሳስቷል የሚል፦ ሰርቨሩን አግኝታችሁታል፣ ኢንተርኔታችሁም ደህና ነው። የተላከው ጽሑፍ ግን አልተስማማውም። አድራሻውን በደረጃ 2 አረጋግጡና ወደ ደረጃ 4 እለፉ።
- «ዩር ሴሽን ኢዝ ኢንቫሊድ ኦር ኤክስፓየርድ»፦ የብራውዘርና የኩኪ (ሰርቨሩ ለብራውዘሩ የሚሰጠው ትንሽ መለያ) ጉዳይ ነው። ፓስወርዱን አትንኩ። መጀመሪያ ኤፍ 5 ተጭናችሁ ገጹን አድሱና እንደገና ግቡ። የሎግኢን ገጹ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት ፓስወርድ ከተጻፈበት ራውንድኪዩብ ይህን መልእክት ያወጣል፤ ለገጹ የተሰጠው መለያ ጊዜው አልፎበታልና። ካልተፈታ ደረጃ 5።
- ፓስወርድ አስገብታችሁ ያለ ምንም መልእክት ተመልሶ ሎግኢን ገጽ ላይ መቀመጥ፦ ይህም ብዙ ጊዜ ኩኪ ነው። ደረጃ 5።
- «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ፦ ብራውዘሩ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል መታወቂያ) አላመነውም። ደረጃ 2 እና 3።
- ገጹ ጭራሽ አለመምጣት፣ ሲዞር ቆይቶ መቅረት፣ ወይም 403 የሚል ቁጥር፦ መንገዱ ተዘግቷል ወይም ታግዳችኋል። ደረጃ 7።
- «ኮኔክሽን ቱ ስቶሬጅ ሰርቨር ፌይልድ»፣ 500፣ 502፣ 503፦ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው። እናንተ ጋ የሚስተካከል ነገር የለም። በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

የመጨረሻው ላይ ሰው በከንቱ ብዙ ይደክማል። ስቶሬጅ ሰርቨር የሚለው ደብዳቤዎቹ የተቀመጡበትን ክፍል ነው። የምታዩት ገጽ ተነስቷል፣ ከጀርባው ያለው የደብዳቤ ማከማቻ ግን አልመለሰለትም። ብራውዘር ብታጸዱም፣ ኮምፒውተር ብትቀይሩም ያው ነው።

ደረጃ 2፦ አድራሻውን ፈትሹ

አድራሻው የሚጻፍበትን ቦታ አጥፉና በእጃችሁ እንደ አዲስ ጻፉት። በቡክማርክ ወይም ብራውዘሩ በሚጠቁማችሁ አትግቡ።

ለምን? ሲፓነል ላይ አንዴ ከገባችሁ በኋላ አድራሻው መሀል «ሲፒሴስ» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይጨመራል። ቁጥሩ ለዚያች ቆይታ ብቻ የተሰጠ ነው። ገጹን በዚያ ሰዓት ቡክማርክ ካደረጋችሁት በማግስቱ የምትከፍቱት ያለቀለት አድራሻ ነው። ያንን ቡክማርክ ሰርዙና የሎግኢን ገጹን ብቻ አስቀምጡ።

የፖርት ቁጥሩንም (አድራሻው ላይ ከድርጅቱ ስምና ከሁለት ነጥብ በኋላ የሚመጣውን የበር ቁጥር) ተመልከቱ። የሲፓነል ዌብሜይል በ2095 እና በ2096 ይከፈታል። የተመሰጠረው 2096 ነው፤ ሁልጊዜ እሱን ተጠቀሙ። በ2095 የምትልኩት ፓስወርድ በመንገድ ላይ በግልጽ ሊነበብ ይችላል። አንዳንድ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ዋይፋዮች ደግሞ ሁለቱንም ፖርቶች ይዘጋሉ። እንደዚያ ከሆነ ከድርጅታችሁ ስም ፊት «ዌብሜይል» የሚለውን ቃልና ነጥብ በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምራችሁ፣ ያለ ፖርት ቁጥር ሞክሩ። በርካታ የሲፓነል ሰርቨሮች ይህን መንገድ ክፍት አድርገው ያስቀምጡታል፤ የሚሄደውም እንደማንኛውም ድረ ገጽ በተለመደው በር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፣ እዚህ ተጭነው ይግቡ» በሚል ኢሜይል በመጣ ሊንክ በፍጹም አትግቡ። ገጹ ከዌብሜይላችሁ ጋር አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል። የድርጅታችሁ ሙሉ የድረ ገጽ ስም ከመጀመሪያው ነጠላ ስላሽ (ወይም ከፖርት ቁጥሩ) በፊት መጨረሻ ላይ፣ በትክክለኛው ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ፓስወርድ አስገብታችሁ ከነበረ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ተዉትና አሁኑኑ ለአይቲ ደውሉ። ፓስወርድ ወዲያው የሚቀየርበት ሁኔታ ይህ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀንና ሰዓቱን አስተካክሉ

እኛ አገር ይህ ደረጃ ከሌላው በላይ ትኩረት ይፈልጋል።

የሰርቨሩ ሰርተፍኬት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል ገደብ አለው። ብራውዘሩ ያንን ከኮምፒውተራችሁ ቀን ጋር ያነጻጽራል። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን በእኛ ዘመን አቆጣጠር 2018 ብሎ ከሞላው፣ ኮምፒውተሩ የሚረዳው በፈረንጆቹ 2018 ብሎ ነው። በ2026 የወጣ ሰርተፍኬት ለእሱ ገና ያልተጀመረ ነው። ስለዚህ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሰርቨሩ ግን ምንም አልሆነም።

ቆየት ባሉ ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ ማንም ሳይነካው ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ደክማለች ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ባትሪዋ በብዙ ዴስክቶፖች ላይ 2032 የሚል ቁጥር አላት፣ በቀላሉም ትቀየራለች። «ጠዋት ጠዋት ዌብሜይል እንቢ ይላል» የሚሉኝን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህንን ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ዊንዶውስ ላይ ታች በስተቀኝ ያለውን ሰዓት በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ የቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ክፈቱ።

ለ. ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን አብሩ።

ሐ. የሰዓት ክልሉን ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ትክክለኛው ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 የሚበልጠው ነው። የዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ ካጣችሁ «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ፤ ሰዓቱ አንድ ነው።

መ. ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱት።

ስልካችሁ ላይም ይህንኑ ፈትሹ፤ በተለይ ለመግባት በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ የምትጠየቁ ከሆነ። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ 9:00 ከሚል 3:00 እንዲል ብላችሁ በእጃችሁ ከቀየራችሁት፣ ስልኩ ከዓለም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የሚያወጣው ኮድ ሁልጊዜ ስህተት ይሆናል። ስልኩን ወደ አውቶማቲክ መልሱት። በእኛ ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኑ፤ እሱ የስልኩን ሰዓት አይነካም።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው የሰርቨሩ ሰርተፍኬት እውነትም ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ያ የአይቲ ሥራ ነው። ሁለተኛው የእናንተ መሣሪያ ማርጀት ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም ከ109ኛው እትም በኋላ አይታደስም። ከ7.1.1 በታች የሆነ አንድሮይድ ያላቸው ስልኮችም ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ሰርተፍኬት ሰጪ የሚሰጣቸውን ሰርተፍኬቶች አያውቋቸውም፤ ብዙ ድርጅቶች ደግሞ የሚጠቀሙት እሱን ነው። እንዲህ ባሉ ስልኮች ላይ ፋየርፎክስ መጫን ከቻለ ችግሩ ይቃለላል። ፋየርፎክስ የሚያምናቸውን ሰርተፍኬት ሰጪዎች ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ የስልኩን አይጠብቅም።

ማስጠንቀቂያውን «ይሁን፣ ልግባ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። የቢሮ ፓስወርዳችሁን በካፌ ዋይፋይ ላይ እንዲህ ካስገባችሁ ማን እጅ እንደገባ አታውቁም።

ደረጃ 4፦ የምትጽፉትን ነገር በዓይናችሁ እዩት

ፓስወርድ በነጥብ ስለሚሸፈን የተሳሳተ ፊደል አይታይም። ከጎኑ የዓይን ምልክት ካለ ተጫኑትና አንብቡ። ከሌለ አካባቢያችሁ ሰው አለመኖሩን አይታችሁ ፓስወርዱን ዩዘርኔም የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ጻፉት። ትክክል መሆኑን ካያችሁ በኋላ አጥፉት። ኢንተር እንዳትጫኑ። ከተጫናችሁ ፓስወርዳችሁ እንደ ዩዘርኔም ሆኖ ሰርቨሩ መዝገብ ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይችላል።

ስታዩት እነዚህን ፈልጉ፦

- የአማርኛ ኪቦርድ። ደብዳቤ በአማርኛ ስትጽፉ ቆይታችሁ ወደ ብራውዘር ስትመጡ ኪቦርዱ አብሯችሁ ይመጣል። ፓወር ግዕዝም ይሁን የዊንዶውስ የራሱ አማርኛ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። በዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድ ከሆነ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ስትጫኑ ይቀያየራል።
- ካፕስ ሎክ። ትልቁና ትንሹ ፊደል ለፓስወርድ የተለያዩ ናቸው።
- ትርፍ ክፍት ቦታ። ፓስወርዱን ከቴሌግራም ወይም ከኤስኤምኤስ ኮፒ ስታደርጉ ከኋላው አንድ ስፔስ አብሮ ይመጣል። የስልክ ኪቦርድም ዩዘርኔማችሁን ሲጠቁማችሁ ከመረጣችሁት መጨረሻው ላይ ስፔስ ይጨምራል። በዓይን አይታይም። ጠቋሚውን መጨረሻው ላይ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጥፉ፤ ፊደል ካልጠፋ ስፔስ ነበር።
- ብራውዘሩ ያስቀመጠው አሮጌ ፓስወርድ። ባለፈው ወር ፓስወርድ ቀይራችሁ ብራውዘሩ «ላድሰው?» ሲላችሁ «አይ» ካላችሁ፣ ዛሬም የሚሞላላችሁ የድሮውን ነው። የተሞላውን አጥፉና በእጃችሁ ጻፉ። ከገባችሁ የተቀመጠውን አድሱት።
- ዩዘርኔም። ሲፓነል ላይ ሙሉውን ኢሜይል ነው የሚፈልገው። ስማችሁን ብቻ ጽፋችሁ ከሆነ ከአት ምልክቱ በኋላ ያለውንም ጨምሩ።

ሁሉንም ካስተካከላችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩ።

ደረጃ 5፦ በኢንኮግኒቶ መስኮት ሞክሩ

ክሮምና ኤጅ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን አንድ ላይ ተጫኑ። ፋየርፎክስ ላይ በኤን ፋንታ ፒ ነው። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የግል መስኮት ይከፈታል፤ እዚያ አድራሻውን ጽፋችሁ ግቡ።

ይህ ሙከራ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይነግራችኋል። ስትገቡ ሰርቨሩ ኩኪ የሚባል ትንሽ መለያ ይሰጣችኋል። የመሥሪያ ቤት ጥበቃ በር ላይ የሚሰጣችሁ የእንግዳ ባጅ እንደማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየክፍሉ ስትገቡ ባጁን ነው የሚያዩት። የትናንቱ ባጅ አንገታችሁ ላይ ካለ ወይም ብራውዘሩ ባጅ አልቀበልም ካለ፣ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ እንኳ ወደ በሩ ይመልሷችኋል። ኢንኮግኒቶ አሮጌ ኩኪም፣ የተቀመጠ ገጽም አይዝም። እናንተ ካልፈቀዳችሁ በቀር ኤክስቴንሽኖችም (ብራውዘሩ ላይ የተጫኑ ተጨማሪ መሣሪያዎች) እዚያ አይሠሩም።

በኢንኮግኒቶ ከገባችሁ ፓስወርዱም ሰርቨሩም ደህና ነው፤ ጥፋቱ በተለመደው ብራውዘራችሁ ውስጥ ነው። ደረጃ 6 ይፈታዋል። ካልገባችሁ በሁለተኛው ብራውዘር አንድ ጊዜ ሞክሩና ደረጃ 6ን ዘላችሁ ወደ 7 ሂዱ።

በተውሶ ኮምፒውተር ወይም ኢንተርኔት ቤት ከሆናችሁ መፍትሔ ከተገኘ በኋላም ከዚሁ መስኮት አትውጡ። ስትጨርሱ ሎግአውት አድርጋችሁ መስኮቱን ዝጉት።

ደረጃ 6፦ የዚያን ዌብሜይል ኩኪ ብቻ አጥፉ

ሁሉንም ታሪክና ኩኪ ጠራርጎ ማጥፋት አያስፈልግም። ሰዎች ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት ተጭነው የተቀመጡ ፓስወርዶችንም አብረው ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ የሌላውም ሁሉ ፓስወርድ ይጠፋል። ክሮሙ ከስልካቸው ጋር የተያያዘ ከሆነ ከስልኩም ላይ ሊጠፋ ይችላል።

1. የዌብሜይሉን ሎግኢን ገጽ በተለመደው መስኮት ክፈቱ።
2. ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ትንሽ ምልክት ተጫኑ።
3. ስለ ኩኪና የሳይት ዳታ የሚለውን ግቡበት።
4. የድርጅታችሁን ስም አግኙና የቆሻሻ ቅርጫቱን ተጫኑ።
5. ትሩን ዝጉ። በአዲስ ትር አድራሻውን ጽፋችሁ ግቡ።

አሁንም ወደ ሎግኢን ገጽ የሚመልሳችሁ ከሆነ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ አጥፉ። ማስታወቂያ ከሚያግዱትና ቪፒኤን ከሆኑት ጀምሩ። አንዱን አጥፍታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካጠፋችሁ የትኛው እንደነበር ሳታውቁ ነገ ይደግማችኋል። ብራውዘሩ ኩኪዎችን በሙሉ እንዲከለክል ተደርጎም ከሆነ ለዌብሜይላችሁ አድራሻ ብቻ ፍቀዱለት።

እዚህ ላይ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት አንድ ነገር አለ። በአንድ ብራውዘር የራሳችሁንና የድርጅቱን የጋራ ኢሜይል ጎን ለጎን መክፈት አትችሉም። ሁለቱም አንድ ሰርቨር ላይ ስለሆኑ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ኩኪ ይተካዋል። የመጀመሪያው ትር ላይ የሆነ ነገር ስትጫኑ ወደ ውጭ ይጥላችኋል ወይም የሌላኛውን ሳጥን ያሳያችኋል። አንዱን በክሮም፣ ሌላውን በፋየርፎክስ ክፈቱ።

ምሳ ወጥታችሁ ስትመለሱ ከወጣችሁበት ግን ብልሽት አይደለም። ራውንድኪዩብ ማንም ካልቀየረው ያለ እንቅስቃሴ የሚታገሠው 10 ደቂቃ ነው። ገጹ ተከፍቶ እስካለ ራሱ ሰርቨሩን እየነካካ ያቆየዋል፤ ላፕቶፑ ከተኛ ግን ያ ይቆማል። እየጻፋችሁት የነበረ ደብዳቤ ካለ ገጹን ከማደሳችሁ በፊት ጽሑፉን ኮፒ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ መንገዱን ቀይሩ

የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉ፣ ዳታ አብሩ፣ በስልኩ ብራውዘር ዌብሜይሉን ክፈቱ። ወይም በሆትስፖት ኮምፒውተሩን አገናኙ። ቪፒኤን ካለ አጥፉት።

በዳታ ተከፍቶ በቢሮ ዋይፋይ እንቢ ካለ፣ ዋይፋዩ ፖርቱን ካልዘጋው በቀር (ደረጃ 2)፣ የታገደው ብዙ ጊዜ የቢሮው የኢንተርኔት አድራሻ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአብዛኛው በአንድ አድራሻ ነው ወደ ውጭ የሚወጡት። ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባችሁ አሮጌ ፓስወርድ የያዘ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይዞ ቢመጣ ሰርቨሩ ቢሮውን በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። «ሁላችንም አልገባ አለን» ከተባለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አድራሻው የማይቀየር ከሆነ ምንም አይጠቅምም። ያንን ስልክ ፈልጋችሁ አግኙት።

በቢሮ እየሠራ ከቤት እንቢ ካለ ቪፒኤናችሁን ተጠራጠሩ። አንዳንድ ሰርቨሮች ከተወሰኑ አገሮች የሚመጣን ሙከራ አይቀበሉም። ቪፒኤኑ በሌላ አገር በኩል ሲያወጣችሁ እንግዳ ትሆናላችሁ። ለሥራ ወደ ዱባይ ወይም ወደ አውሮፓ ከሄዳችሁም ያው ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ለአይቲ ንገሩ። ሲፓነል ደግሞ ከገባችሁ በኋላ አድራሻችሁ ከተቀየረ «ዩር አይፒ አድሬስ ሃዝ ቼንጅድ» ብሎ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ከዋይፋይ ወደ ዳታ እየዘለለ የሚሄድ ስልክ ላይ ይህ ይታያል። አንዱን መርጣችሁ እንደገና ግቡ።

በሆቴል ወይም በኤርፖርት ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱ። ዋይፋዩ ራሱ ስም ወይም ኮድ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሳትሞሉ ዌብሜይሉ አይመጣም።

ደረጃ 8፦ አካውንቱ ከተቆለፈ

ፓስወርዱን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በሁለት ብራውዘርና በሁለት መንገድ ሞክራችሁ አሁንም «ስህተት ነው» ካለ አካውንቱ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ዚምብራን ጨምሮ ብዙ ሰርቨሮች የተቆለፈን አካውንት «ተቆልፏል» ብለው አይናገሩም፤ ለሰርጎ ገብ ፍንጭ ላለመስጠት የተሳሳተ ፓስወርድ ሲገባ የሚወጣውን መልእክት ነው የሚያሳዩት። ትክክለኛውን እየጻፋችሁ ስህተት ነው ስትባሉ የምታብዱት ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፦

1. ስልክ፣ ታብሌትና አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ ላይ ያለውን የዚህን ኢሜይል አካውንት ለጊዜው አጥፉ። ካላጠፋችሁ ሰርቨሩ በከፈተላችሁ ቅጽበት እነሱ መልሰው ያስቆልፉታል።
2. ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳትሞክሩ ቆዩ። ብዙ እገዳዎች በራሳቸው ይነሳሉ።
3. አንድ ጊዜ ብቻ በብራውዘር ግቡ።
4. ካልሆነ አይቲ እንዲከፍትላችሁ፣ አስፈላጊ ከሆነም አዲስ ፓስወርድ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ።
5. በብራውዘር መግባታችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ አዲሱን በየመሣሪያው አስገቡና መልሳችሁ አብሯቸው።

ደረጃ 9፦ ለአይቲ ስትጽፉ

«ኢሜይል አይሠራም» የሚል መልእክት መልሶ ጥያቄ ያመጣል፣ ቀኑም በዚያው ያልቃል። ይህን ላኩላቸው፦

- ሙሉ የኢሜይል አድራሻችሁ (ፓስወርድ የለበትም)
- የስክሪኑ ፎቶ፣ አድራሻው ጭምር እንዲታይ ሆኖ
- የሞከራችሁበት ሰዓት
- የኢንተርኔት አድራሻችሁ፤ ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ «የእኔ አይፒ ምንድን ነው» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳዩ ገጾች ታገኛላችሁ
- በኢንኮግኒቶ፣ በሌላ ብራውዘርና በሞባይል ዳታ ሞክራችሁ የሆነው

ሰዓቱን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። «3:20 ላይ» ብቻ ካላችሁ ሰውየው መዝገቡ ላይ የሌሊቱን ይፈልጋል፣ ምንም አያገኝም። «ጠዋት 3:20፣ በኮምፒውተሩ 9:20» በሉ። ያቺ አንድ መስመር ፍለጋውን በጣም ታሳጥራለች።

ሰርቨሩን ለምታስተዳድሩ

ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መግባት ካቃታቸው መጀመሪያ የዲስኩን ቦታ እዩ። ዲስክ ሲሞላ ሰርቨሩ አዲስ ሴሽን መጻፍ ስለማይችል ተጠቃሚው ያለ ምንም መልእክት ወደ ሎግኢን ገጽ ሊመለስ ይችላል። ከውጭ ሲያዩት የኩኪ ችግር ይመስላል። ቀጥሎ የሰርቨሩን ሰዓት፣ ከዚያ ሰርተፍኬቱን ተመልከቱ። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት በአብዛኛው የሚቆየው 90 ቀን ስለሆነ በራሱ መታደሱ ከቆመ በሦስት ወር ውስጥ ይታወቃል። ታድሶም ሰርቪሱ ጠፍቶ እንደገና ካልተነሳ አሮጌውን ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል። «ስቶሬጅ ሰርቨር» የሚለው መልእክት ከመጣ ዶቭኮት ወይም የምትጠቀሙበት የአይማፕ ሰርቪስ እየሠራ መሆኑንና 993 እና 143 ፖርቶች መመለሳቸውን አረጋግጡ።

የአንድን ቢሮ እገዳ ከማንሳታችሁ በፊት መዝገቡ ላይ በየትኛው አካውንት ስም ሲሞከር እንደነበረ አውጡና ለቢሮው ንገሩ። የቢሮውን አድራሻ ለዘለቄታው ከመከላከያው ውጭ ማድረግ ግን አልመክርም። እዚያ ያለ አንድ ኮምፒውተር በቫይረስ ከተያዘ የሁሉንም ሠራተኛ ፓስወርድ ያለ ገደብ ሊሞክር ይችላል። የተፈቀደውን የሙከራ ብዛት ከፍ አድርጉላቸው፣ የእገዳውን ጊዜም አሳጥሩላቸው።